የጥርጣሬ ዕዳ

በጎንደር ደጋ ድሮ ከብት ተሰርቆ ሌባው ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው ካልታወቀ አገሬው በጋራ ካሳ ይከፍላል። ግፍ አለበት፣ አልክድም፤ ንጹሑም አብሮ ይንገላታል። ግን ከሳሹም ተጠርጣሪውም እዚያው ፀሐይ ላይ ነበሩ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቀደ፤ ለስድስት ወር ተብሎ አራት ወር ተጨመረበት። አገር ሲታመስ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ የሚል የለም። ስህተት ቢሆንስ? ወራት ታስሮ «በቃ፣ ሂድ» የተባለ መምህር የደመወዙን፣ የልጆቹን ነገር ማንን ይጠይቅ? ያሳሰረው ሹም እንደሆነ ያን ሁሉ ሌሊት ቤቱ ነው ያደረው።