ያልተቆጠረችው

አክስቴ ከሞተች ወዲህ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። የቅድመ አያቴ እናት ማን ነበረች? የአባቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ያለ እንቅፋት እቆጥራለሁ፤ በልጅነቴ ጆሮዬን እየተቆነጠጥሁ ያጠናሁት ነው። እናቱ ጋ ስደርስ ግን ስም የለም። አክስቴ አንድ ቀን ቡና እያፈላች «እሷማ ዓባይን ተሻግራ የመጣች ናት» አለችና፣ አጎቴ ሲገባ ወሬውን ወደ በርበሬ ዋጋ አዞረችው። ከሠልስቷ በኋላ አጎቴን «ጋሼ፣ ያቺ ሴት ማን ናት?» ብለው «የሞተ ሰው አጥንት አትቀስቅስ» አለኝ። የሌሎቹን አጥንት ሲያስቆጥረኝ የኖረው እሱ ራሱ ነው!

ከማዶ ወደ እኛ አገር ወደ ጎጃም ሰው በምን ይሻገር ነበር? ይህን ሳስብ የታሪክ መምህራችን ትዝ አለኝና ተናደድሁ። የእምባቦን ጦርነት ሲያስተምረን እንደ ሁለት በሬዎች ግጥሚያ ነበር፦ 1874 ዓ.ም.፣ በአንድ ወገን ንጉሥ ምኒልክ፣ በሌላው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፤ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ፤ አለቀ። «የተጣሉበት አገር ሰውስ ምን ሆነ?» ብለው «እሱ ለፈተና አይመጣም» አለኝ። የተጣሉበት አገር ከዓባይ በስተደቡብ ያለው፣ ቡናው፣ ወርቁና ዝባዱ የሚመጣበት ነው። ሸቀጡ ወንዙን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይራገፋል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ አልፎም ወደ መተማና ምጽዋ ይጓዛል። ከሸቀጡ ጋር ሰውም እየተነዳ ይሸጥ ነበር። መምህራችን ይህን የማያውቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ተሸጣ የመጣች ናት አልሁ። ስሟ የጠፋበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ መሬት ያመጣች ሴት ከነአባቷ፣ ከነአያቷ እስከ አቅኚው ድረስ ትቆጠራለች። ያልተቆጠረችው ምንም ያላመጣችው ናት።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ባዶ እጃቸውን የመጡት የተሸጡት ብቻ አልነበሩም። ቅድመ አያቴ የክፉ ቀን ልጅ ነው ይባላል። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ነው፤ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፣ አራሹ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ተሰደደ። በዚያ ዘመን አንዲት የተራበች ወጣት ወንዙን ተሻግራ ከአባቶቻችን ደጃፍ ብትወድቅስ? ጎጃምን በ1881 የአፄ ዮሐንስ ጦር ዘርፎት ነበርና ወደ ተዘረፈ አገር ለምን ትመጣለች ብዬ ልከራከር ሞከርሁ። የተራበ ሰው ግን ወዴት እንደሚሻል በምን ያውቃል? እንዲህ ከሆነ ማንም አልሸጣትም፤ የአጎቴም ዝምታ ምስጢር መሆኑ ቀርቶ አለማወቅ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን ደጋግሜ አገላበጥሁት። ስደተኛዋ የአባቷን ስም ታውቃለች፤ ለልጇም ትነግረዋለች። የተሸጠችውም ታውቃለች፤ ያለ አባት የተሸጠ የለም። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ትምጣ፣ ስሙን የዋጡት ልጆቿ ናቸው። ለምን ዋጡት? በርስት ሙግት ባላጋራ «የባሪያ ልጅ» እንዳይላቸው ነው ልል አሰብሁ። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ከነሙግቱ አጥፍቶታል። ለሌለ መሬት እስከ ዛሬ ማን ይዋሻል?

ጋብቻስ? ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከዘመዱ አይጋባም ትላለች፤ የሚቆጠረውም በሁለቱም ወገን ነው። እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ አጎቴ የቅድመ አያቴን የአባት ወገን ሲያጣራ አመሸ፤ በዚያች ሴት በኩል ግን አንድም ጥያቄ አላነሳም። ስደተኛ ከሆነች ወንድም ወይም እህት ተከትሏት መጥቶ ይሆናል፤ የዚያ ዘርም ጎረቤታችን ሊሆን ይችላልና ማጣራት ይገባ ነበር። ለአንድ ጠብታ ደም የሚጨነቀው ሰው እዚህ ላይ አልሰጋም። ዘመዶቿ ሊደርሱባት ከማይችሉበት ቦታ እንደመጣች ያውቃል ብዬ አሰብሁ።

ይህም ቢሆን ግምት ነው። ባርነትን የከለከለው አዋጅ በ1934 ሲወጣ ቅድመ አያቴ በሕይወት ነበር፤ ስለ እናቱ አንድ ቃል ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኘም። አልተናገረም። ወይ የሚናገረው አልነበረም፣ ወይ የሚድራት ልጅ ነበረችው።

ስለዚህ ተሸጣ መጣች ብዬ በመስቀል አልምልም። በፈቃዷ መጣች የሚለኝ ካለ ግን የአባቷን ስም ይንገረኝ።