ፖለቲካና ኮረንቲ

እህቴ ከመሐል ሜዳ ደውላ «ልጁን አስጥልልኝ» አለችኝ። ያስደነገጣት ሱስ አይደለም፤ ስደትም አይደለም። ልጇ ፖለቲካ ውስጥ ሊገባ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምር ቆየ፤ ደመወዙ ወር አልደርስ ሲለው ለቀቀና መብራት ላልገባባቸው የመንዝ ቀበሌዎች የሶላር ዕቃ ማከፋፈል ጀመረ። ቀናው። አሁን ደግሞ አንድ ፓርቲ ለምክር ቤት እንዲወዳደርለት ጠይቆታል፤ እሺ ለማለት ተቃርቧል።

አዲስ አበባ ሲመጣ ቤቴ ጠራሁትና ሁላችንም ከወላጆቻችን የወረስነውን ምክር አቀበልኩት። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ!»

ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ኮረንቲን በሩቁ ያለ ሰው እኮ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያድረው። እኔ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት እንዴት እንደሚያዝ ነው።»

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩና ተረት ተገልብጦ ሲመታኝ አውቃለሁ። ተመታሁ። ግን ዝም አላልኩም፤ ወደ ምሳሌ ሸሸሁ።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን አነሣሁበት። ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መምራት ጀመሩ፤ በ1985 ዓ.ም. ከአርባ ከሚበልጡ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ፤ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ እዚያው እኛ አገር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ካደረጉት ንግግር ጋር የተያያዘ ነበር። በእስር ታመው፣ በ1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፉ። «ቢላቸውን ይዘው ቢቀመጡ ስንት ሰው ባዳኑ ነበር!» አልኩት።

«እውነት ለሳቸው አዝነህ ነው፣ ወይስ ለራስህ ምክንያት እየፈለግህ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ለጊዜው ልለፈው፤ እመለስበታለሁ።

እሱም በተራው ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ጠቀሰልኝ። የምጣኔ ሀብት ምሁር ናቸው። አሜሪካ አስተምረው ወደ አገር ተመለሱ፤ የማዳበሪያ ንግድ ሞከሩ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1997ቱ ምርጫ የአዲስ አበባ ከንቲባ እንዲሆኑ ተመረጡ፤ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ። ከስደትና ከትጥቅ ትግል በኋላ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሥራቸውን የሚያመሰግን አለ፤ የሚነቅፍም አለ። የልጁ ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ መንገዱ ሁልጊዜ መቃብር ላይ አያበቃም ማለቱ ነው።

እንግዲህ ከራሱ ሙያ ልምጣበት አልኩ። እስራኤል ፕሬዚዳንቷ ሲሞቱባት፣ እኤአ በ1952፣ ሥልጣኑን ለአልበርት አይንስታይን አቀረበች። አይንስታይን አመስግኖ እምቢ አለ፤ ከሰው ጋር የሚሠራበት ተፈጥሮም ልምድም እንደሌለኝ አውቃለሁ ብሎ። ሟቹ ፕሬዚዳንት ቫይዝማን ግን ራሳቸው የኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። አርሜን ሳርኪስያን ደግሞ ፊዚክስ አስተምሮ፣ ነግዶ፣ እኤአ በ2018 የአርመን ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2022 በፈቃዱ ለቀቀ፤ ሕገ መንግሥቱ በአስቸጋሪ ጊዜ አገር ላይ የሚሠራበት ሥልጣን አልሰጠኝም አለ። ታዲያ ሳይንስ ለሥልጣን ያበቃል ወይስ አያበቃም? ከነዚህ ሰዎች መልስ አይወጣም።

መልሱን የፈለግሁት ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው የአስቦና የጌራ ወገኖች በሚመርጧቸው አባቶች ነበር። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። እነዚያ አባቶች የተመረጡት ስለ ሣር ከሁሉ በላይ ስለሚያውቁ አይመስለኝም። በጓሳው ዳር ያደገ እረኛ ሁሉ ሣር ያውቃል። የተመረጡት «ዝጉ» ሲሉ የራሳቸውም ከብት ደጅ ስለሚቀር ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ አገሩ ሣር የሚያውቅ ሰው አላጣም፤ ያጣው ሁሉም እሺ ብሎ የሚሰማውን ሰው ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልኩት። ዕውቀትህ ለመናገር መብት ይሰጥህ ይሆናል፤ ለማዘዝ ግን አይሰጥህም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተበላሸ ናሙና ይጣልና በሌላ ይጀመራል። በአንተ ስሕተት አንድ ክረምት ያለፈበት ገበሬ ግን ያንን ክረምት መልሶ አያገኘውም። ከፊዚክስ ይዘኸው ብትሄድ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ ልኬቱ ካልገጠመ «ተሳስቻለሁ» ማለትን። እሱን ብቻ ምክር ቤት ብታስገባልን ይበቃናል። ሱቅህን ግን በር ላይ ተወው፤ ሕግ እያወጡ ሶላር መሸጥ ከብትን በሌሊት ጓሳ ማስገባት ነው።

አሁን ወደ ተሻገርኩት ጥያቄ ልመለስ። ከዓመታት በፊት፣ በማስተምርበት ተቋም፣ አንድ ባልደረባችን በስብሰባ ላይ በተናገረው ቃል ከሥራ ሊታገድ ጉዳዩ ለትምህርት ክፍላችን ቀረበ። የተናገረው እውነት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። «የምትናገሩ ካላችሁ» ተባለ። እኔ በመስኮት የባሕር ዛፉን አየሁ። የኔ ሥራ ሥነ ጽሑፍ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ስለ ድርሰት ጀግኖች ድፍረት አስተማርኩ፤ ያውም ጥሩ አድርጌ። እጄ ንጹሕ ነበር። ሰውየው ግን ታገደ።

«በሩቁ» የምትለው ምክር ችግሯ ይህ ነው። እጃችንን ትጠብቅልናለች፤ በምትኩ ግን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ። ወደ ሥልጣን መሄድ ሁሉ ድፍረት አይደለም፤ ብዙው ጥቅም ፍለጋ ነው። መቅረት ሁሉም ጨዋነት አይደለም።

ልጁ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ለመንኩት። «ከመግባትህ በፊት ምን ብታይ፣ ምን ቢያዙህ እንደምትወጣ በወረቀት ጻፍ። ለኔ አትስጠኝ፤ ለእናትህ ስጣት። ከገባህ በኋላ ምክንያት አታጣም።»

«እሺ» አለ። ደጅ ደርሶ ዘወር አለና «ጋሼ፣ አንተስ ምን ብታይ ነው የምትገባው?» አለኝ።

እህቴ በማግሥቱ ደወለች። «አስጣልከው ወይ?» አለች። አልቻልኩም አልኳት። አልፈለግሁም ለማለት ገና አልደፈርኩም።