ሕፃን ይዞ ባሕር ማዶ

ልጅን አገር ማሳየት ደግ ነገር ነው ይባላል። ይህን የሚቃወም ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጅን በሁለት ሳምንት ውስጥ ባርሴሎናን፣ ሮምን፣ ኔፕልስን፣ አቴናንና ሳንቶሪኒን ማሳየት ደግነቱ ለማን ነው? ለልጁ? ለወላጆቹ? ወይስ ለፎቶግራፉ? ቀልድ የሚመስል ጥያቄ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን ቀልድነቱ ያልቃል።

ጥያቄውን ያመጣችብኝ ስቶክሆልም የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። ባለቤቷም ያገራችን ልጅ ነው። ሴቷ ልጃቸው ስድስት፣ ወንዱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ለሐምሌ ዕረፍት ያወጣችውን ዕቅድ ላከችልኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ታሪኩን እርስዎ ያውቁታል» አለችኝ። እኔም እንደ ድሮው የፈተና ወረቀት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

አሥራ አራት ቀን ነው። መሄጃና መመለሻው ሁለት ቀን፣ ከከተማ ከተማ መዛወሪያው አራት ቀን። እንግዲህ ከአሥራ አራቱ ስድስቱ ሻንጣ በመጎተት፣ በሰልፍና በመጸዳጃ ፍለጋ ያልቃሉ ማለት ነው። ስምንቱ ለአምስት ቦታ ይካፈላሉ። ያውም በሐምሌ ሙቀት! እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አቴና ውስጥ ከሙቀቱ ብዛት አክሮፖሊስን በቀትር ሰዓታት እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። ኮረብታው ላይ ያለው እብነ በረድ ደግሞ ስንት ዘመን ተረግጦ የለሰለሰ፣ የሚያንሸራትት ነው፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፋበት አይደለም። ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ እንደተኛ ፓርተኖንን ያልፋል።

የሥነ ልቦና ሰዎች ከጥንት የሚያውቁት ነገር አለ፤ አብዛኞቻችን ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላን የሆነውን አናስታውስም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጽፎበታል። ይህንኑ ይዤ «ትንሹ እኮ አንዱንም አያስታውሰውም» ብላት፣ «ጋሼ፣ ያጠባሁትንስ መች ያስታውሰዋል?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። እውነቷን ነው። ለሕፃን የምናደርግለት አብዛኛው ነገር ይረሳል፤ ግን ከሥጋው ጋር ተዋህዶ ይቀራል። የማይታወስ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ካልን እናትነትም ግማሹ ከንቱ ሊሆን ነው። ብቻ አንድ ልዩነት አለ። ጡቱን ልጁ አልቅሶ የጠየቀው ነው። አክሮፖሊስን አምጡ ብሎ ያለቀሰ የሦስት ዓመት ልጅ ግን አልሰማሁም። የእሱ ፍላጎት እርግብ ማባረር፣ አይስክሬም መላስና በሆቴሉ አሳንሰር አሥር ጊዜ መውጣትና መውረድ ነው። ይህ ደግሞ ስቶክሆልምም አለ።

የእኛም እናቶች ሕፃን አዝለው ረጅም መንገድ ሄደዋል። ለገና ላሊበላ፣ መስከረም 21 ግሸን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ። ሕፃኑ እንዲጎበኝ ብለው አይደለም። ስለት ስላለባቸው ነው፤ አንዳንዴ ስለቱ ራሱ ልጁ ነው። ዕዳው የእናትየው መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ አገሩም ያውቃል። ደግሞም የምትሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። ላሊበላንም ግሸንንም ቁልቢንም በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ያለች እናት ብትኖር ጎረቤት ተሰብስቦ ጸበል ይወስዳት ነበር።

የእህቴም ልጅ «ሮምን ማየት የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ልጆቼን የምተውበት ስለሌለኝ ይዣቸው እሄዳለሁ» ብትል ምን ነበረበት? ምኞቷ ነውር የለበትም። ችግሩ ምኞቱ በልጆቹ ስም ሲመዘገብ ነው። ሦስተኛው ሙዚየም ላይ ደክሟቸው ሲያለቅሱ «ለእናንተ ብዬ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ!» የሚለው ቁጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እስከዚህ ቀላሉ ነው።

ባልየው ከዕቅዱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀርለት ጠይቋል፤ ከፒሬየስ ወደብ ወደ ሳንቶሪኒ የሚወስደው መርከብ። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ አቴና እጠብቃችኋለሁ» ይላል። ይህ ሰው አውሮፓ የገባው በሱዳንና በሊቢያ አቋርጦ፣ በጀልባ ነው። እዚያ ውሃ ላይ ያየውን ለሚስቱ እንኳ ሁሉንም አልነገራትም። ልጆቹማ ምንም አያውቁም። እሷ «ባሕሩ ፊት ቆመን ብንነግራቸው ይሻላል» ትላለች። እሱ «ሕፃናት ናቸው» ይላል።

ሜዲትራኒያን ለሌላው ጎብኚ ሰማያዊ ውሃ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ባሕሩ ሲነሳ መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ላምፔዱሳ አጠገብ ያለቁት ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ አብረው ይነሳሉ። ወገኖቻችን ሊቢያ ውስጥ መገደላቸውን የሰማንበት ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.ም ይነሳል። ታዲያ እዚህ ውሃ ላይ ልጅ ይዞ መዝናናት ኃጢአት ነው? አይመስለኝም። ዓባይም ሰው ይበላል፤ ዳሩ ላይ ግን ልጆች ይጫወታሉ።

የገረመኝ ሌላ ነው። በዚሁ ዕቅድ ውስጥ፣ ከኔፕልስ ተነስቶ የአንድ ቀን ጉብኝት ተብሎ፣ ፖምፔይ አለች። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ፈንድቶ በአመድ የቀበራት ከተማ። የሰዎቹ ሬሳ ሲበሰብስ አመዱ ውስጥ ባዶ ቅርጻቸው ቀረ፤ ጁሴፔ ፊዮሬሊ የተባለው አርኪዮሎጂስት ከ1863 ጀምሮ እዚያ ውስጥ ፈሳሽ ጄሶ እያፈሰሰ አወጣቸው። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው እንደተኮራመተ፣ ፊቱን እንደሸፈነ የቀረውን ሰው ነው። ሕፃናትም አሉበት። ልጆቹን እዚህ ለመውሰድ እናትም አባትም አልተቃወሙም! በጣር ላይ ያለ ሰው ቅርጽ አይስክሬም ይዞ ማየት ለዕድሜያቸው ይመጥናል፤ አባታቸው በሕይወት የተሻገረውን ባሕር መስማት ግን አይመጥንም። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሞት ትምህርት ይባላል። የቅርቡ ግን ምሳ ላይ አብሮን ይቀመጣል፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

ኦዲሲን ሳስተምር ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ነገር ነበር። ኦዲሴዩስ በባሕር ላይ የደረሰበትን መከራ ዘርዝሮ የሚተርከው ለማን ነው? ለባዕድ። በፋይኬያውያን ንጉሥ አዳራሽ ተቀምጦ፣ አራት ክፍል ሙሉ። ልጁ ቴሌማኮስ በምን መርከብ መጣህ ብሎ ሲጠይቀው የሚያገኘው ግን ጥቂት መስመር ነው። ልጁ አባቱን ፍለጋ ወጥቶ የሰማውን የሰማው ከኔስቶርና ከሜኔላዎስ አፍ ነው።

እኔ ታሪኩ የባለታሪኩ ነው ባይ ነኝ። ሚስትም ብትሆን በባሏ ፈንታ ባሕር ዳር ቆማ ልትተርከው አይገባም። ለልጅ ማስተማሪያ ይሆናል ተብሎ ሰው ቁስሉን እንዲገልጥ አይገደድም። ባልየው ግን ብዙ ጊዜ ያለው አይምሰለው። ልጅቷ ጥቂት ዓመት ቆይታ ስለ ጀልባ ስደተኞች ክፍል ውስጥ ትማራለች፤ በጨዋ ቋንቋ፣ በካርታና በቁጥር። ያኔ አባቷን ሌላ ሰው ባወጣለት ስም እየጠራች ቤት ትገባለች።

ለዕቅዱ የሰጠሁት አስተያየት አጭር ነው። ሮምና አንድ ባሕር ዳር ይበቃል። ፖምፔይ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቃለች፤ ሌላ አሥር ዓመት አያቅታትም። ሮም ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ በ«አምስት መቶዎቹ» ስም የተሰየመ ነው፤ ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ወሬ ትወደዋለች፤ ጋሪ ይገፋበታል፣ መግቢያም አይከፈልበትም። መርከቡን በቀይ አልነካሁትም። እሱ የባልና ሚስቱ ነው።

ሰሞኑን የነገረችኝን ልጨምር። ስዊድን ውስጥ ተማሪ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ 200 ሜትር መዋኘት እንዲችል ሥርዓተ ትምህርቱ ያዛል። ልጅቷ ከወዲሁ ጀምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ይወስዳትና ጫማውን አውልቆ ገንዳው ዳር ይቀመጣል። አንድ ቀን ከውሃው ብቅ ብላ «አባዬ፣ አንተ ለምን ዋና አትችልም?» አለችው። «ያደግሁበት አገር ባሕር የለውማ» አላት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ወደዚህ በምን መጣህ?» ብትለው፣ «መጀመሪያ ውጪና ፎጣ ልበሺ» ብሏታል። እስካሁን እዚያ ላይ ናቸው።