መጥቀምና መጣል

«ጠቀመ» የሚለው የአማርኛ ግሥ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ረባ፣ በጀ፣ አገለገለ ማለት ነው። ሁለተኛው የተቀደደውን በመርፌና በክር ሰፋ፣ የተለያየውን አገናኘ ማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ ሥር መፍለቅ አለመፍለቃቸውን ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወውና አንድ ድምፅ ሁለቱንም አሳቦች ተሸክሞ መኖሩን ብቻ ልብ እንበል። ከዚህ ድምፅ ውስጥ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣልና፦ ጥቅሙ አለቀ የተባለ ነገር ከእኛ ምን ይገባዋል?

ጥያቄው ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር በአቃቂ ቃሊቲ አንድ ቤት እናስብ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በሕንዶች ሽርክና ተቋቁሞ በ1967 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ይዞታ የተዛወረ፣ የአካባቢውን ሰው ለፈትልና ለሽመና ያሠለፈ ድርጅት ነበር። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ የማሽን ጩኸት መካከል ወጣትነታቸውን የፈጸሙ አንዲት እናት ዛሬ በበረንዳቸው ሲንጀራቸውን ዘርግተው እራፊ ከእራፊ ያጋጥማሉ እንበል። የካኪ ሱሪው ጉልበቱ ቢሳሳም ባቱ ገና አልላላም፤ የተማሪው ደንብ ልብስ ክርኑ ቢቀደድም ጀርባው ደኅና ነው፤ ያረጀው አንሶላ ገበር ይሆናል። ሰማያዊው ከካኪው፣ ካኪው ከአበባማው ጋር ይስማማ እንደሆነ ጨርቁን ራቅ ቀረብ አድርገው ያያሉ። በመጨረሻም ከዚያ ሁሉ ቁርጥራጭ ለልጅ ልጅ አንድ የአልጋ ልብስ ይወጣል።

ሕዝባችን ይህን ሥራ በምን ስም ይጠራዋል? ድሪቶ ይለዋል። ቃሉ ክብር የለውም። ድሪቶ የለበሰ ሰው የድህነት ምሳሌ ነው፤ ከየቦታው የተለቃቀመ ድርሰትም ሲነቀፍ ድሪቶ ይባላል። እኛ ደራስያን ከዚህ ስድብ የበለጠ የምንፈራው ጥቂት ነው። ንቀቱ ግን በጨርቁ ላይ አያበቃም፤ ወደ ሠሪው እጅም ይሻገራል። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» እያለ ያዋረደ ኅብረተሰብ ይሳደብ የነበረው የሸማኔውን ኩታ ተከናንቦ፣ በቀጥቃጩ ማረሻ አርሶ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ይመሰክራል።

የሚያስገርመው ይኸው ቋንቋ በሌላ በኩል ጨርቅን የሚያከብር መሆኑ ነው። መንገደኛ ሲመረቅ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይባላል። አእምሮውን የሳተውን ሰው «ጨርቁን ጣለ» ይሉታል። እንግዲህ ጨርቅ የሰላም ጎዳናና የጤናማ አእምሮ ምልክት ከሆነ፣ የተቀደደውን ጨርቅ የሚጠቅመው እጅ ስለ ምን ይናቃል?

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ድሪቶን ማወደስ ድህነትን ማወደስ ነው፤ የኅብረተሰብ ዓላማ ለሁሉም ደኅና ልብስ ማዳረስ እንጂ ቡትቶን ማስዋብ አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው። የሌሊቱን ብርድ ለማሳለፍ ብቻ የተጣፈ ጨርቅ የጥበብ ሥራ ከመሆኑ በፊት የክስ ወረቀት ነው። የሌላውን እጦት እንደ ጌጥ ቆጥሮ የሚዘምር ገጣሚም ብርዱን ያልቀመሰ ገጣሚ ነው። ይሁን እንጂ ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። ይህን ለማየት ከአገራችን ውጭ ያለ አንድ ምሳሌ ይረዳናል።

በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ብርድ ልብስ ሲሰፉ የኖሩባት ናት። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ እናት እ.ኤ.አ. በ1942 ባላቸው በሞቱ ጊዜ የሟቹን የሥራ ልብሶች ቆራርጠው፣ ከነመደብዘዛቸውና ከነእድፋቸው፣ መታሰቢያቸው እንዲሆን ብርድ ልብስ ሰፉባቸው። ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የመንደሪቱ ሴቶች ሥራዎች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሐያስያን ከዘመናዊ ሠዓሊዎች ሥራ ጋር አነጻጸሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር አተማቸው። በማግስቱ ዓመት ከሰፊዎቹ ጥቂቶቹ ድርሻችን አልደረሰንም ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ውበቱ በሙዚየም ግድግዳ ላይ አልተወለደም፤ ግድግዳው ዋጋውን አናረው እንጂ ውበቱን አልፈጠረውም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ችግር የወሰነው ጨርቁን ብቻ ነው። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው አጠገብ እንደሚውል ችግር አላዘዘም፤ ያንን የወሰነችው ሰፊዋ ናት። ችግር በሁሉም ነገር ላይ ባዘዘበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው በገዛ ዓይኑና በገዛ ፍርዱ የሚያዝበት አንድ ክንድ ስፋት ተገኘ ማለት ነው። እንግዲህ ምስጋናው የሚገባው ለእጦቱ ሳይሆን ለዚህ ፍርድ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ አድናቆት ሐሰተኛ አድናቆት ነው፤ ሰፊዋን እያሞገሰ የሚገባትን ሊነፍጋት ይችላልና።

ወደ አቃቂው በረንዳ እንመለስ። በእራፊው ክምር ላይ አንዲት አሮጊት ድመት ተኝታለች። በአገራችን ድመት ወደ ቤት የምትገባው ለሥራ ነው፤ ሥራዋ እህሉን ከአይጥ መጠበቅ፣ ደመወዟም የወተት ጠብታና የፍትፍት ጉርሻ ነው። ይህች ግን አይጥ መያዝ ካቆመች ሰንብታለች። እናቲቱ «ውሮ፣ ተነሺ» እያሉ ጨርቁን ከሥሯ ይስባሉ እንጂ ከደጅ አያወጧትም፤ ጉርሻዋም አልተቋረጠም። በትርፍና ኪሳራ መዝገብ ይህ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ነገር ግን ያገለገለንን ሲደክም የምንጥለው ከሆነ፣ ድሮም የተወዳጀነው ከእርሱ ጋር ሳይሆን ከጉልበቱ ጋር ብቻ እንደነበረ ራሳችን በራሳችን ላይ እንመሰክራለን። ነገሩ ስለ ድመት ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ዕድሜያቸውን በማሽን ፊት የጨረሱት እናትም አንድ ቀን «ጥቅማቸው ያለቀ» ተብለው ከፋብሪካ በር የወጡ ሰው ናቸው።

መስከረም ጠብቶ ዋልካው ጠፈፍ ሲል ደግሞ ጓሮው ይነቃል። ጎመኑና ጤና አዳሙ ያቆጠቁጣሉ፤ አደይ አበባ ማንም ሳይዘራት በአጥሩ ሥር ትፈነዳለች። የቡናው አተላ፣ የድንቹ ልጣጭ፣ የረገፈው ቅጠል ወደ አፈሩ ይመለሳሉ። በጓሮው ሕግ ያለቀለት የሚባል ነገር የለም፤ ተራውን የሚጠብቅ እንጂ።

ከሠፈሩ ወጣ ሲሉ ግን ሌላ ሕግ ይፈስሳል። ታላቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥተው አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ የከተማውን ጥራጊና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ውኃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ጤናን የሚጎዱ ከባድ ብረቶች እንደተገኙ ልዩ ልዩ ጥናቶች አመልክተዋል። ላይኛው ሠፈር የጣለው ነገር በታችኛው ሠፈር ማዕድ ላይ ቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ «ጣልሁት» የሚለው ቃል አታላይ ነው። የጣለ ሰው ነገሩን አላጠፋውም፤ ወደ ሌላ ሰው ደጅ አሻገረው እንጂ። በአንጻሩ ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ መብራት መስጠቱ፣ የመጠገን ፍርድ ከእራፊ ጨርቅ አልፎ ለግድብም እንደሚሠራ ያሳያል።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። ለሁሉም ደኅና ልብስ ማዳረስ የኅብረተሰብ ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ የድሪቶ ውበት አይከፍለውም። ሆኖም ዕዳው ተከፍሎ ሁሉም አዲስ በለበሰ ማግስት እንኳ ጥያቄው አይዘጋም፤ አዲሱ ልብስም ያረጃልና። ጨርቅ ያረጃል፣ ድመት ታረጃለች፣ ሠራተኛም ያረጃል። የአንድ ኅብረተሰብ ግብረ ገብ የሚመዘነው አዲሱን በሚቀበልበት እልልታ ሳይሆን ያረጀውን በሚይዝበት እጅ ነው። መምህሩ ለተማሪው፣ የሥራ መሪው ለሠራተኛው፣ ደራሲውም ለቃላቱ ይህን ሒሳብ ማወራረድ ይኖርባቸዋል። ያገለገለንን ጠቅመን ካልያዝነው፣ እኛን የጠቀመን እርሱ ብቻ ነበር፤ እኛ ግን ማንንም አልጠቀምንም።