ጆሮ ጠቢው ገጣሚ

ጌርሃርድ ጉንደርማን በምሥራቅ ጀርመን የከሰል ማዕድን በፈረቃ ኤክስካቫተር የሚነዳ፣ ከሥራ መልስ ጊታሩን አንግቶ የሚዘፍን የሮክ ገጣሚ ነበር። ሠራተኛው እንደ ራሱ ሰው ነበር የሚያየው። በ1995 እ.ኤ.አ. ግን ጉዱ ወጣ፤ ለስታዚ፣ ለዚያ አገር የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ለዓመታት ጆሮ ጠቢ ሆኖ ኖሯል። ኋላ እሱም በተራው ተሰልሏል።

ታዲያ ዘፈኑን እንጣለው? እኔ አልጥለውም። «ዘመኑ ነው» ብሎ ማለፉም ግን አይዋጥልኝም። ዘመኑማ ለሁሉም አንድ ነበር፤ እምቢ ያለም አለ እኮ! ደግሞስ እኛ አድማጮች ማን ነንና ነው ይቅር የምንለው? (የዘፈን ፍቅር ቸር ያደርጋል፣ ያውም በሰው ቁስል።) ይቅር ማለት የሚችለው ስሙ በዶሴው የሰፈረው ሰው ነው። ጉንደርማን በ1998 በ43 ዓመቱ ሞተ፤ ዶሴውን ግን የተሰለለ ሰው ዛሬም ጠይቆ ያነበዋል።