መልስ ሰጪና ተጠያቂ

በሀገራችን ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚቀርብለት ጥያቄ አለ። «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ይባላል። መልሱም ከዘመን ዘመን ብዙ አልተለወጠም፤ «ሐኪም»፣ «መሐንዲስ»፣ «ፓይለት» ነው። እንግዳው ይስቃል፣ «ያድርግልህ» ብሎ ይመርቃል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ጥያቄው ግን ካሰቡበት ቀላል አይደለም። ልጁን «ምን ትሠራለህ?» አይለውም፤ «ምን ትሆናለህ?» ነው የሚለው። ሙያ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ማንነት ጭምር መሆኑን በአነጋገራችን ሳናውቀው እንመሰክራለን።

ዛሬ ያ ልጅ አድጎ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ጥያቄው መልኩን ለውጦ ይጠብቀዋል። ቻት ጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ድርሰት የሚጽፍ፣ ውል የሚያረቅ፣ የሒሳብ መዝገብ የሚያገላብጥና ራሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህም ተማሪው «ምን ልሁን?» ማለቱን ትቶ «ማሽኑ የማይነጥቀኝ ሥራ የትኛው ነው?» ማለት ጀምሯል። ሒሳብ አያያዝ ሊማር ያሰበው ያመነታል፤ ቋንቋ የሚወደው ተርጓሚ ለመሆን ይፈራል፤ ትናንት «የነገው ሥራ ይኼ ነው» ተብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ የገባውም ዛሬ እንቅልፍ አጥቷል። የቀድሞው ጥያቄ ምኞት ነበር፤ የአሁኑ ሽሽት ነው። ለመሆኑ በሽሽት ሙያ ይመረጣልን?

አስቀድመን አንድ ነገር እንመልከት። የሚሸሽ ሰው ቢያንስ ጠላቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። በዚህ ጉዳይ ግን ታላላቆቹ አዋቂዎች እንኳ አቅጣጫውን ስተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ካርል ፍሬይና ማይክል ኦዝቦርን የተባሉ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 702 የሥራ ዓይነቶችን መርምረው፣ ከአሜሪካ የሥራ መስክ 47 ከመቶው በማሽን ለመተካት በእጅጉ የተጋለጠ ነው ሲሉ ገመቱ። በእነርሱ ስሌት የፈጠራ ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ ከአደጋው ራቅ ያለ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ማሽኑ ሥዕል መሣልና ድርሰት መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጄፍሪ ሂንተን፣ ኋላ በ2024 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሊቅ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ቢዘገይም በአሥር ዓመት፣ ማሽን የራጅ ምስል በማንበብ ሐኪሙን ስለሚበልጥ ከእንግዲህ ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ይቁም አለ። አምስቱ ዓመት አለፈ፤ ራዲዮሎጂስቱ ዛሬም ይፈለጋል፤ በብዙ ሀገር እንዲያውም እጥረት አለ። የሂንተንን ምክር ሰምቶ ሙያውን የተወ ወጣት ቢኖር ዛሬ ለማን አቤት ይላል?

እኛም ቤት ትንቢት ጠፍቶ አያውቅም። በ2000 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ። ሀገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋታል መባሉ ውሸት አልነበረም። ይሁንና በምሕንድስና ተመርቆ ድንጋይ ሲያነጥፍ የዋለው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የነገን ገበያ መተንበይ ለመንግሥትም ለሊቅም ካስቸገረ፣ ለ18 ዓመት ልጅ ሸክሙ ከባድ ነው።

እንግዲያው ተማሪው ምን ብሎ ይጠይቅ? መልሱን ፍለጋ ወደ ፍርድ ቤት ደጃፍ ብንሄድ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎችን እናገኛለን። ባለጉዳይዋ እናት ከጸሐፊው ፊት ቁጭ ብላ ነገሯን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምራ ትተርካለች፤ ታለቅሳለች፤ ጎረቤቷን ትረግማለች። እሱም ይሰማና «እማማ፣ ይኼን እንኳ ይተዉት፣ ለዳኛው አይጠቅምም፤ ውሉን የተፈራረሙት መቼ ነው?» ይላል። ቀኑ ተሳስቶ ነገሯ ቢበላሽ በማግሥቱ እዚያው ጃንጥላ ሥር ታገኘዋለች። ማሽኑ ያንኑ ማመልከቻ በግማሽ ደቂቃ፣ ምናልባትም ባማረ ቋንቋ ይጽፈዋል። በማግሥቱ ግን ጃንጥላው ሥር አይገኝም።

ይህ የድሆች ደጃፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጡ። ጥፋታቸው ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች እንደ እውነተኛ አድርገው ለዳኛው ማቅረባቸው ነበር። ሐሰቱን የጻፈው ማሽኑ ነው፤ ዳኛው ግን ማሽኑን አላስቀረቡም፤ ሊያስቀርቡም አይችሉም። ወረቀቱ ላይ የፈረመው ሰው ነበርና። ማሽኑ ይጠየቃል፣ መልስም ይሰጣል፤ ተጠያቂ ግን አይደለም። መልስ መስጠትና መጠየቅ በቋንቋችን እንደተለያዩ ሁሉ በኑሮም የተለያዩ ናቸው። ሐኪም የሚያሰኘው የበሽታውን ስም ማወቅ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው ቢሞት ከቤተሰቡ ፊት መቆም ነው። መሐንዲስ የሚያሰኘው ስሌቱ ብቻ አይደለም፤ ሕንፃው ቢሰነጠቅ ስሙ መነሣቱ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አዲስ ትርጉም ያገኛል።

ስለዚህ ተማሪው «ማሽኑ የማይችለው የትኛውን ነው?» ከሚል ይልቅ «ስሜን አስፍሬ፣ ቢበላሽ እኔን ጠይቁኝ ለማለት የምደፍረው በየትኛው ሥራ ነው?» ቢል ይሻለዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በየስድስት ወሩ ይለወጣል። ሁለተኛው ግን ራስን ማወቅ ስለሚጠይቅ የማሽኑ ፍጥነት አይሽረውም።

«ይኼ የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ተቃውሞውም ሚዛን ይደፋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. እንኳ 8.4 ከመቶ ናቸው። በዚህ ጠባብ በር ላለፈ ልጅ፣ ጠቅላላ ቤተሰቡ ዓይኑን ለጣለበት ልጅ፣ ሙያ ማለት በቅድሚያ ደመወዝ ነው። ደግሞም አንድ ተጠያቂ ሰው ከማሽን ጋር ሆኖ የአሥር ሰው ሥራ ከሠራ ዘጠኙ ምን ይበላሉ? ተጠያቂነት እንጀራን አያረጋግጥም፤ ይህን መካድ አይገባም። ፍርሃትም ግን አላረጋገጠም። በፍርሃት የመረጠው እንጀራውን ቢያጣ ሁለት ነገር ያጣል፤ እንጀራውንና የሚወደውን ሥራ።

ከዚህ የከፋ ችግር ግን አለ፤ እሱም የተማሪው ሳይሆን የእኛ የታላላቆቹ ነው። ተጠያቂነት በአንድ ቀን አይወረስም። ጀማሪው ትንንሽ ሥራ እየተሰጠው፣ እየተሳሳተ፣ አለቃው እያረመው ነው ለትልቁ የሚደርሰው። ማሽኑ በቅድሚያ የሚወስደው ደግሞ ይህንኑ ትንሹን ሥራ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እጅግ በተጋለጡ ሙያዎች ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 የሆኑ ሠራተኞች ቅጥር ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር 13 ከመቶ ቀንሷል፤ በእነዚያው ሙያዎች የቆዩት ነባሮች ግን አልተነኩም። መሰላሉ ላይ የወጣው ከላይ ቆሞ የታችኛው ርብራብ ሲነቀል ያያል ማለት ነው።

የቅኔ ቤታችን ይህን ነገር ጥንት ያሰበበት ይመስላል። ደቀ መዝሙሩ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ዞር ብሎ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይነቀፋል፤ ይታረማል። የጀማሪው ቅኔ ለማንም አይጠቅምም፤ ከእርሱ የተሻሉ እልፍ ቅኔዎች ሞልተዋል። መምህሩ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የሚጠብቁት ቅኔውን ሳይሆን ባለቅኔውን ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ነውረኛ የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ መምህሩን ከማታለሉ በፊት ራሱን ሳይሠራ ቀርቷልና።

የቤት ሥራውን ለማሽን ሰጥቶ ውጤት የሚሰበስብ ተማሪም ይህንኑ ያጣል። ጀማሪ መቅጠር ትቶ በማሽን የሚገላገል መሥሪያ ቤትም የዘር እህሉን የበላ ገበሬን ይመስላል። ዓመቱን ይጠግባል፤ የዛሬ 15 ዓመት ግን ነባሮቹ ጡረታ ሲወጡ በወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ፍለጋ ይወጣል፤ የሚያገኘውም ማሽኑ ሲሳሳት መሳሳቱን እንኳ የማይለይ ሰው ነው።

ወጣቱን «አትፍራ» ማለት ቀላል ነው፤ ምክር ዋጋ አይጠይቅም። የሚከብደው ገና ያልበሰለ ተመራቂ አምጥቶ ጠረጴዛ መስጠት፣ ማሽኑ በደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ እሱ በሁለት ቀን ሲሠራ መታገሥ፣ ስሕተቱንም አብሮ መሸከም ነው። ልጆቻችን ተጠያቂ እንዲሆኑ ከፈለግን በቅድሚያ ስለ እነርሱ የምንጠየቀው እኛ ነን።