ስለ ልምሻ በሽታና ስለ ሕፃናት አደራ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፥ አላህ ይዘንልህና ይህን እወቅ። ማታ በመደብርህ ሒሳብ ስትዘጋ ከ100 ብር አንዱ ቢጎድልህ «99ኙ አለ» ብለህ አትተኛም፤ የጎደለውን እስክታገኝ ትመረምራለህ። የሰው ልጆችም ገና ያልዘጉት ሒሳብ አላቸው፤ እርሱም ፖሊዮ የሚባለው የልጅነት ልምሻ ነው።

ይህ በሽታ ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ተነሥቶ በእጅ፥ በውሃና በምግብ ወደ ሌላው አፍ ይገባል። ከተያዙት የሚበዙት ምንም ሳይታወቅባቸው ያልፋሉ፤ ከ200 አንዱ ያህል ግን እግሩ ወይም እጁ ይልፈሰፈስና እንደዚያው ይቀራል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከል ግን አለው፤ ይኸውም በሕፃን አፍ የሚንጠባጠብ ክትባት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓለም በሽታውን ለማጥፋት ሲነሣ፥ በየዓመቱ 350,000 ያህል ሰዎች ሽባ ይሆኑ ነበር፤ አብዛኞቹም ሕፃናት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከመቶው ከ99 እጅ በላይ ቀነሰ። በ2020ም አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ተዋስያን ነጻ መሆንዋ ተመሰከረላት። ሆኖም ሕፃናት ሳይከተቡ በሚቀሩበት ስፍራ፥ በክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ተዋስያን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ኖሮ ኃይሉን መልሶ ያገኛል፤ ይህም በአገራችን ታይቷል።

እንግዲህ የጎደለው አንዱ ወዴት አለ? ከጂንካ ተነሥተህ ወደ ወይጦ ቆላ ውረድ፤ በጨው ባሕር አቅራቢያ ወዳለው ወደ አርቦሬ ዝለቅ። ከብት አርቢ ሕዝብ ሣርና ውሃ ተከትሎ ሲጓዝ ሕፃኑም አብሮ ይጓዛል፤ የክትባቱ ቀን ግን አብሮት አይጓዝም። ስለዚህ ከ2001 ጀምሮ ኮር ግሩፕ የተባለው የፖሊዮ ፕሮጀክት፥ ደቡብ ኦሞን በመሰሉ የአርብቶ አደር አገሮች ከሕዝቡ መካከል ፈቃደኞችን አሠለጠነ። እነርሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን መዘገቡ፤ የክትባቱን ቀን አስታወቁ፤ አካሉ በድንገት የዛለ ልጅ ሲያገኙም ለጤና ሠራተኛ ነገሩ። በክትባቱ ጠርሙስ ላይ ሙቀት ሲበዛ የሚጠቁር ምልክት አለ፤ ከወሰኑ በላይ ከጠቆረ ይጣላል። ማንም በማያይበት በረሓ ያን ምልክት መመልከት አማና ነው፤ አንተም ሚዛንህን አስብ።

ከዚህ በፊት በፈንጣጣ በሽታ የሆነውንም ስማ። በጎረቤታችን በሶማሊያ፥ በመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን መርፌው ያማል ብሎ ከክትባት ሸሸ። በ1977 ታመመ፤ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ሆነ። ከዳነ በኋላ ግን የራሱን ስሕተት ለወላጆች እየነገረ ሕፃናትን ከፖሊዮ ለማስከተብ ደከመ። በ2013 ፖሊዮ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። በዚያው ዓመት በሽታው ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተሻገረ፤ እስከ 2014 መጀመሪያም 10 ሰዎችን ሽባ አደረገ።

«አላህ የወሰነው አይቀርም» የምትል ሆይ፥ እውነት ተናገርህ፤ ነገር ግን ግመሉን ሳያስር ተወኩል አለኝ የሚል ሰው ራሱን አታለለ። ነቢዩ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፥ ከዚያም ሸሽቶ መውጣትን መከልከላቸውን ታውቃለህ። የአንዲት ነፍስ ማዳን በአላህ ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዝንም ከሱረቱል ማኢዳ ተምረሃል። አል አዝሃርና በጅዳ ያለው የፊቅህ አካዳሚም ይህን ክትባት የሚደግፉ ናቸው።

እንግዲህ አንቺ እኅቴ፥ ልጅሽ ቀድሞ ተከትቧል ብለሽ ከዘመቻው ቀን አታስቀሪው። አንተም ወንድሜ፥ ጨውና ጨርቅ ጭነህ ወደ አርቦሬ ስትወርድ የክትባቱን ቀን ወሬ አብረህ ጫን፤ በመኪናህ ላይ ለፈቃደኛው ስፍራ ስጥ። እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ብታይ ሳትውል ሳታድር ለጤና ሠራተኛ ንገር፤ ምርመራው በ14 ቀን ውስጥ ቢወሰድ ይሻላልና። ልጁ የሃይማኖትህ፥ የቋንቋህም ባይሆን፥ የፈጠረው ያው አንተን የፈጠረው ነው።

ሒሳቡ የሚዘጋው በመጨረሻው ሕፃን ነው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅ፤ ለደከሙላቸው ሁሉ ምንዳቸውን ያብዛ፤ አሚን።